«ባይሸጡትስ?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። የድሮ ባልደረባዬ ልጅ ነው። ቀን ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ዕቃ ሲሠራ፣ ሲያፈርስ፣ መልሶ ሲገጣጥም ሁለት ዓመት አልፎታል። «ጋሼ፣ ተሳካልኝ! አንድ አምራች ሊወስደው ነው። ከሽያጩ በመቶኛ ይከፍሉኛል። ብቸኛ ፈቃድ ስጠን ነው የሚሉት፤ ልፈርም?» አለኝ። መልሴን እንኳ ሳይጠብቅ «በቃ፣ ከእንግዲህ ተኝቼ ነው የምበላው» ብሎ ሳቀ።

እንኳን ደስ ያለህ ማለት ነበረብኝ። አላልኩትም። «ብቸኛ ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ነገ እደውልልሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ለእሱ የምለውን እንደ እሱ ዕቃ ለምትፈጥሩ ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ወጣት መሐንዲስ ሆኜ የጥገና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራችን ግማሹ ዘይት መቅዳት ነው። ከጀሪካን ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ጀሪካን። ከጀሪካን ዘይት ቀድታችሁ ታውቃላችሁ? ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይተፋል፤ ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። አንድ ቀን አንድ ሰው በፈሰሰው ዘይት አዳልጦት ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሁላችንም መጥረጊያ ይዘን ወለሉን ጠረግን። በማግስቱ እንደገና ፈሰሰ።

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ፈሳሹ ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። የጀሪካኑ አፍ ግን አንድ ነው፤ ዘይቱ ሊወጣ፣ አየሩ ሊገባ በዚያችው አፍ ላይ ይጋፋሉ። ከመቅጃው ጎን ለአየር ብቻ የሚሆን ቀጭን ቱቦ ብታደርጉለት ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ደስ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። የምትቀዱበት ዕቃ ሞልቶ ዘይቱ የቱቦዋን ጫፍ ሲሸፍነው አየር መግባቱ ይቋረጣል፤ መፍሰሱም በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። ይህን መጀመሪያ ያየሁት ማታ ቤት ውስጥ በውኃ ስሞክር ነበር። ውኃው ሲቆም አላመንኩም። ደገምኩት። ቆመ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። «ደስ ይላል፤ አሁን ወለሉን አድርቀው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ 11 ናሙና ሠራሁ። ሠራሁ ስል፣ አብዛኛውን የሠራልኝ ወርክሾፑ ውስጥ ቶርኖ ላይ የሚቆም አንድ ሽማግሌ ነው። ሁልጊዜ «ኢንጂነር» ብሎ ነበር የሚጠራኝ፤ አክብሮት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ዘጠነኛውን ናሙና እያገላበጠ አይቶ «የቱቦዋን ጫፍ ቀጥ አድርገህ አትቁረጠው፣ ሰያፍ አድርገህ ቁረጠው» አለኝ። ቆረጥኩት። እስከዚያ ቀን ያንጠባጥብ የነበረው ዕቃ ማንጠባጠቡን አቆመ። የፓተንት፣ ማለትም ፈጠራዬን ሌላ ሰው እንዳይሠራው የሚከለክለው መብት፣ ማመልከቻው ላይ ስሙ የለም። ያን ጊዜ ትዝም አላለኝም፤ ሰው የረዳኝ እንጂ የፈጠረ አልመሰለኝም ነበር። በሕጉ ግን ለፈጠራው ሐሳብ ያዋጣ ሰው ፈጣሪ ነው። በኋላ ስነግረው ሳቀ። «ተወው፣ ኢንጂነር» አለኝ። ዛሬ በሕይወት የለም። ይህን እዚህ ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም። ልጁ የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የአየር ቱቦው ሐሳብ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ፍለጋ ስንጀምር ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ፓተንት ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ። ጠበቃው ግን ተስፋ አልቆረጠም። አዲስ የሆነችው አንዲት ነገር ብቻ ናት አለ፤ መቅጃውን የዕቃው ጠርዝ ላይ ስትጫኑት ተገፍታ የምትከፈተውና ስታነሱት በሞላ (በስፕሪንግ) የምትዘጋው ክፍል። በእሷ ላይ ብቻ ጠበብ ያለ ፓተንት ወጣ። ዛሬ እናንተ ጉግል ፓተንትስ፣ ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕ አላችሁ። በነጻ፣ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ትፈልጋላችሁ። ግን አትፈልጉም! የማያቸው ልጆች መጀመሪያ ስም ያወጣሉ፣ ሎጎ ያሠራሉ፣ ገጽ ይከፍታሉ፤ ዕቃው የለም። ካለ ደግሞ ማመልከቻ ሳያስገቡ ቪዲዮውን ይለጥፉታል። አሜሪካ የአንድ ዓመት እፎይታ ትሰጣለች እንጂ በአውሮፓ አስቀድማችሁ ለሕዝብ ያሳያችሁት ነገር አዲስ አይባልም፤ ፓተንቱን በገዛ እጃችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው። ማመልከቻውን አስገቡ። ከዚያ በሌሎች አገሮች ለማመልከት 12 ወር አላችሁ። በዚያ ዓመት ውስጥ ነው በሩን ሁሉ ማንኳኳት።

ለአምራቾች ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ብዙዎቹ አልመለሱልኝም። ከመለሱት አንዱ ድርጅት ጠራኝ። ስብሰባው መቼም አይረሳኝም። ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው፣ መሐል ላይ የእኔ ጀሪካን። ውኃ ቀዳሁላቸው። ሲሞላ ቆመ። አንደኛው ሰውዬ እንደ ሕፃን ሳቀና «ድገመው» አለ። ደገምኩት። በኋላ አንዱ ከአጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ያቺ ቸብታ ናት ጉድ የሠራችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩ አልመሰለኝም ነበር።

ውሉ መጣ። ከተጣራ ሽያጭ 5 በመቶ፣ ትንሽ ቅድመ ክፍያ፣ ፓተንቱ እስኪያበቃ ድረስ፣ በሁሉም አገር ብቸኛ ፈቃድ። ብቸኛ ማለት ከእነሱ በቀር ማንም፣ እኔ ራሴም ጭምር፣ ዕቃውን መሥራትም ሆነ ለሌላ መስጠት አይችልም። ማታ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሒሳብም ሠራሁላት፤ በዓመት ይህን ያህል ቢሸጥ፣ በ5 በመቶ ሲባዛ፣ እያልኩ። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ «ባይሸጡትስ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። «እንዴት አይሸጡትም? ላይሸጡት ለምን ይወስዱታል?» አልኳት። ዝም ብላ ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች። በማግስቱ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ዓመት «ሞልዱ (ዕቃው የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ) እየተሠራ ነው» ተባልኩ። እውነትም ሞልድ ውድ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ታገሥኩ። ሁለተኛው ዓመት «ገበያው ቀዝቅዟል»። በሦስተኛው ዓመት ያ «ድገመው» ያለው ሰውዬ ሥራ ለቀቀ። የተተካው ሰው ስደውልለት ስሜን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። አራተኛው ላይ ከእነሱ ጋር የሚሠራ አንድ ሻጭ ሳላስበው ነገረኝ፤ ድርጅቱ የራሱ የሆነ የእጅ ዘይት ፓምፕ ይሸጥ ነበር። ሞልዱ ድሮ የተከፈለለት፣ ጥሩ የሚያተርፍ። የእኔ መቅጃ ገበያ ቢወጣ ያ ፓምፕ ማን ይገዛዋል?

ሌላ ሰው እንዳይሠራው ብለው ነው ወስደው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት? ወይስ እንዲሁ ረስተውት ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም። በተናደድኩ ቀን የመጀመሪያው ነው እላለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው እንደመሆኔ፣ ክፋት ያን ያህል ትጋት የለውም እላለሁ። ለእኔ ግን ሁለቱም ያው ናቸው። ውሉ ውስጥ «በዚህ ጊዜ ካልሸጣችሁ» የሚል አንድ መስመር አልነበረም። መሸጥ መብታቸው እንጂ ግዴታቸው አልነበረም።

በአምስተኛው ዓመት ሌላ አምራች ጻፈልኝ። ዕቃውን ፓተንቱ ላይ አይቶ ነው፤ እኔ አልፈለግኩትም፣ እሱ ፈለገኝ። አልችልም፣ ለሌላ ሰጥቻለሁ ብዬ መለስኩለት። ያ ደብዳቤ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ይባስ ብሎ የፓተንቱን ማደሻ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። በብዙ አገሮች በየጊዜው የሚከፈል ነው፤ ዓመቱ በገፋ ቁጥርም ይጨምራል። ልጠቀምበት የማልችለውን መብት ከደመወዜ እየቆረጥኩ አድስ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት ተውኩት። ፓተንቱ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢሠራው ጠያቂ የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጉዞ ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ ተመሳሳይ መቅጃ አየሁ። ገዛሁት። ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ከእኔ ይሻላል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ብቸኛ ፈቃድ መጥፎ ነው አልልም። አምራቹ ለሞልድና ለማስታወቂያ ገንዘቡን የሚያፈስ ከሆነ ነገ ለተፎካካሪው እንደማትሰጡበት ማወቅ ይፈልጋል፤ አይፈረድበትም። ግን ለብቸኝነቱ ይክፈል። ቢሸጥም ባይሸጥም በየዓመቱ የሚከፈል ዝቅተኛ ሮያሊቲ (ለፈጣሪው የሚከፈል ድርሻ) ይኑር። ዕቃው ገበያ የሚወጣበት የመጨረሻ ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ወደ እናንተ ይመለስ። ማደሻውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁር ከሆነ ዕቃውን ለምን እንደፈለጉት በጊዜ አወቃችሁ።

እና እባካችሁ ይህን «ፓሲቭ ኢንካም» የምትሉትን፣ ሳይሠሩ የሚገባውን ገቢ፣ ቀስ በሉበት። ሎኒ ጆንሰን የናሳ መሐንዲስ ነበር። ሱፐር ሶከር የተባለው የውኃ ሽጉጥ ሐሳብ የመጣለት በ1982 ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ሲሞክር ነው። ፈቃዱን ለአምራች የሰጠው በ1989፤ ሰባት ዓመት ማለት ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ሽያጭ ያለው ዕቃ ፈጥሮም ሮያሊቲው ጎደለ ብሎ መከራከር ነበረበት፤ በ2013 ወደ 73 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ይሄ ተኝቶ የበላ ሰው ነው? ፒተር ሮበርትስ ደግሞ ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር ሠራተኛ የነበረ የ18 ዓመት ልጅ ነው። በአንድ ጣት ሶኬቱን (ቡሎኑን የሚይዘውን ጫፍ) የሚለቅ የቡሎን መፍቻ ፈጠረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ መብቱን ጣሪያው 10,000 ዶላር በሆነ ክፍያ ለሲርስ ሰጠ፤ መፍቻው በሚሊዮን ተሸጠ። ክሱ ከ1969 እስከ 1989 ድረስ ዘለቀ። የእሱን ታሪክ ሳነብ ልጁን አልታዘብኩትም። ያን ያህል ወጣት ልጅ ለ10,000 ዶላር እምቢ ይላል? እኔ ለትከሻ ቸብታ ፈርሜ የለ።

ሥራችሁን አትልቀቁ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው፤ ደመወዝ ያለው ሰው መጥፎ ውል ላለመፈረም አቅም አለው። ግን ደግሞ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደመወዝ ስለነበረኝ ነው አራት ዓመት ሙሉ በዝግታ የጠበቅኩት። ቤት ኪራዬ በዚያ ዕቃ ላይ ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ወር በራቸው ላይ ነበርኩ። ስለዚህ እኔ እንጃ።

ሁለተኛ ፈጠራዬ ደርሶልኛል። ሽቦ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የምትይዝ ሚጢጢ ክሊፕ፤ ማንም አይቶ «ድገመው» የማይላት። ዝቅተኛ ክፍያ ባለው ውል ሰጥቻት ስድስት ዓመት ከፍላለች። እሷም አላስተኛችኝም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርቱን በብዕር እየተከተልኩ ነበር የማነበው። አንዴ ከ«ተጣራ ሽያጭ» ላይ የማስታወቂያ ወጪ ቀንሰው አገኘሁ። ተጣራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ውሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ስለተጻፈ በአንድ ደብዳቤ ተመለሰ።

በእናንተ ላይ ብዙ አማረርኩ መሰለኝ። ልጁ ናሙናውን ልኮልኝ አይቼዋለሁ። እኔ ሦስት ወር ሽማግሌውን ስለማመጥ የምሠራውን እሱ በአንድ ሌሊት በስሪ ዲ ፕሪንተር አትሞ ጠዋት ሥራው ይገባል። ቀናሁበት።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። «አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃቸው፤ ባትሸጡትስ? በላቸው» አልኩት። ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ጠይቋቸዋል። ሰውየው ስቆ «እንዴት አንሸጠውም?» አለው።

ውሉን ላክልኝ አልኩት። ልኮልኛል፤ 14 ገጽ ነው። መነጽሬን ልፈልግ።