«ለጥቂት» ያላችሁባትን ማታ ጻፏት

ልጆች፣ ከ30 ዓመት በላይ ራዳር ፊት ተቀምጬ አውሮፕላኖችን ወደ ማኮብኮቢያ ስሰበስብ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተቆጣጣሪም ሁኑ አብራሪ፣ ወደዚህ ሙያ ስትገቡ ስለደረሱ አደጋዎች የሚያስተምራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የማወራችሁ ስላልደረሱት ነው። «ኧረ ለጥቂት!» ብለን፣ ተንፍሰን ስለምናልፋቸው።

ሰማይ ሰፊ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ለማረፍ እስክትወርዱ ድረስ። ከአራቱም ማዕዘን የመጣው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ውስጥ ይገባል። እዚያ አካባቢ በራዳር የምንመራቸው ሁለት አውሮፕላኖች በተለምዶ ቢያንስ 3 ኖቲካል ማይል፣ ካልሆነም በከፍታ 1,000 ጫማ መራራቅ አለባቸው። 3 ማይል 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ግን በ180 ኖት (በሰዓት 180 ኖቲካል ማይል) የሚመጣ አውሮፕላን በደቂቃ 3 ማይል ይበላል። ያ ሁሉ ርቀት አንድ ደቂቃ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊት ያለው ለማረፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ኋላ ያለው ገና በቀድሞው ፍጥነት እየመጣ ስለሆነ፣ ማንም ምንም ሳያጠፋ ክፍተቱ ዝም ብሎ ይጠባል።

አንድ ማታ ነው። ስክሪኑ ሞልቷል። የአንድ አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላኖች ይዣለሁ፤ የአንዱ የበረራ ቁጥር 415፣ የሌላው 451። 415ን ወደ 4,000 ጫማ ውረድ አልኩት። መልሱ ወዲያው መጣ፣ «ወደ 4,000 እየወረድን ነው»፣ ቁጥሩንም ጠራ። እኔ የጠበቅሁትን ሰማሁ። እስክሪብቶዬም ወረቀቷ ላይ ምልክቷን አድርጋ ጨርሳለች።

የመለሰው ግን 451 ነበር። እሱ 6,000 ላይ ነው፤ ከሥሩ 5,000 ላይ ሌላ አውሮፕላን አለ።

ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ራዳሩ ከፍታን በመቶ ጫማ ነው የሚጽፈው። ከ451 ጎን ያለችው ቁጥር 60 ነበረች፣ 58 ሆነች። 57። 56 ላይ ስትደርስ ድምፄን አገኘሁት፤ ውጣ፣ ወደ ቀኝ ታጠፍ አልኩት። መውረዱን እስኪያቆም 54 ደረሰ። 400 ጫማ፣ በጎን ከአንድ ማይል ትንሽ በለጥ ያለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አረፈ። «እናመሰግናለን፣ ደህና እደሩ» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። መንገደኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሼ አጠገቤ ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አልፏል፣ ተመስገን በል» አለኝ። ተመስገን አልኩ፣ ሁለት ቀንም ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከቅጣቱ ይልቅ ያስፈራኝ ሀፍረቱ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በሦስተኛው ቀን ጻፍኩት። ያኔ ጋሼ ወደ ጎን ጠራኝና «እኔንም ባለፈው ወር እነዚሁ ሁለት ቁጥሮች አምታተውኝ ነበር» አለኝ። የምለው ጠፋኝ። እሱ ያኔ ጽፎት ቢሆን እኔ ላይ ባልመጣም ነበር። ሪፖርቱ ከገባ በኋላ የተደረገው ነገር ደግሞ ያስቃል። የአንደኛውን በረራ ቁጥር ቀየሩት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይኼ የኛ ክፍል ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ 514 በረራ ዋሽንግተን አቅራቢያ ወደሚገኘው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ሲወርድ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ተራራ ጋር ተጋጨ፤ 92ቱም ሞቱ። ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው መንገድ ሲወርድ ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስቶታል። ድርጅቱም ለራሱ አብራሪዎች አስጠንቅቆ ነበር፤ ወሬው ከግቢው አልወጣም እንጂ። በ1976 አሜሪካኖቹ ማንም ስህተቱን በፈቃዱ የሚጽፍበት የሪፖርት ሥርዓት ሲያቋቁሙ ሥራውን የሰጡት ለናሳ ነው። ፈቃድ የሚቀማው መሥሪያ ቤት ቢይዘው ማን ይጽፍለት ነበር? ስህተትህ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ከሆነና በ10 ቀን ውስጥ ከጻፍከው፣ በአብዛኛው ከቅጣት ትድናለህ። ይህን ያሰበ ሰው ተቆጣጣሪዎች በሌሊት ምን እንደሚያስቡ ያውቃል እላለሁ።

«ዛሬ እኮ ማሽን አለ» የምትሉ አላችሁ። ቲካስ፣ ሁለት አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ ለአብራሪዎቹ የሚያስጠነቅቀው ማሽን፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ብዙ ሰው አትርፏል። እሱ ውጣ ሲላችሁ እኔ ውረዱ ብል እንኳ እኔን አትስሙኝ። ግን ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ ሲቀር «ውጣ፣ ውረድ» ማለቱን ያቆማል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ የነበረው አውሮፕላን ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር ሲጋጭ ማሽኑ «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሎ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ከዚያ በላይ የሚለው የለውም። 67 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ መዝገብ ሲያገላብጡ ከ2021 ኦክቶበር እስከ 2024 ዲሴምበር ባለው ጊዜ እዚያው አካባቢ የመንገደኛ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር በጣም የተቀራረቡባቸው 85 አጋጣሚዎች አገኙ፤ የከፍታ ልዩነታቸው ከ200 ጫማ በታች፣ የጎን ርቀታቸው ከ1,500 ጫማ በታች። 85 ጊዜ «ለጥቂት»። መዝገቡ ነበረ፣ የሚያነበው ጠፋ። ነገ አለቃ ስትሆኑ ይህቺን አስታውሷት።

ለጊዜው ግን የእናንተ ድርሻ መጻፉ ነው፣ እሱንም በዚያው ማታ። በ2017 ጁላይ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ ኤርባስ ማኮብኮቢያ መስሎት አራት አውሮፕላኖች ለመነሳት ተራ ወደሚጠብቁበት ታክሲዌይ (አውሮፕላኖች በመሬት ወደ ማኮብኮቢያ የሚሄዱበት መንገድ) ወርዶ፣ ከመሬት 60 ጫማ ያህል ሲቀረው ነው ቀና ያለው። አብራሪው ሪፖርት ያደረገው በማግስቱ ነው። እስከዚያ አውሮፕላኑ ሌላ በረራ ሄዶ የኮክፒቱ (የአብራሪዎቹ ክፍል) የድምፅ ቅጂ በአዲስ ተሸፍኗል። የሰው ጭንቅላትም እንደዚያ ነው፤ አንድ ሌሊት ከተኛችሁበት «እኔ እኮ በትክክል ነው ያልኩት» ማለት ትጀምራላችሁ። ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ያላችሁትን፣ የሰማችሁትን ጻፉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ለመስማት እየጠበቃችሁ እንደነበረ ጻፉ፤ ነገሩ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ጓደኛችሁ እንዲህ ሆነብኝ ብሎ ሲመጣም «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» አትበሉት፤ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

እኔም አንድ ያልጻፍኩት አለ። ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ወዳሉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች እየወረዱ ነው። አንዱ ወደ ሌላው መስመር ሾልኮ ገባ፣ እኔ ሳልናገር አብራሪው ራሱ አይቶ ተመለሰ። ፈረቃዬ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቢቀረው ነው። ደክሞኛል። ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ለምን ሾልኮ እንደገባ አልጠየቅሁትም፣ የትኛው አውሮፕላን እንደነበረም ጠፍቶብኛል፤ ዓመተ ምህረቱን እንኳ አሁን እርግጠኛ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም።