ትልቋ ድመት ትንሿን አላስጠጋ ስትል

ቤትሽ አዲስ ትንሽ ድመት አምጥተሽ ትልቋ አላስጠጋ እንዳለቻት ነግረሽኛል። ትንሿን ዛሬውኑ ለብቻዋ አንድ ክፍል ውስጥ አድርጊያትና በሩን ዝጊው። ትልቋ «እፍፍ» እያለች የምታባርራት ክፉ ሆና አይደለም። እንዳልሽው ትንሿ የመጣች ቀን ፊት ለፊት ስላገናኘሻቸው ቤቷ የተወረረ መስሏት ነው። ምግብ፣ ውሃና የመጸዳጃ አሸዋ ለየብቻ ይኑራቸው።

ከዚያ በጠረን አስተዋውቂያቸው። ድመት ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ታምናለች። አንዷ የተኛችበትን ጨርቅ ለሌላዋ አንጥፊላት። ምግባቸውን ከተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ አስቀምጪ፤ መጀመሪያ ራቅ አድርገሽ፣ ቀስ በቀስ እያስጠጋሽ። ሁለቱም ተረጋግተው ሲበሉ በሩን ገርበብ አድርጊውና ለጥቂት ደቂቃ ይተያዩ። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እፍፍ ብትል እንኳ አትቆጪያት፤ ቁጣሽን ከትንሿ ጋር ታያይዘዋለች። መደባደብ ከጀመሩ ግን በሩን መልሰሽ ዝጊው።

ካየሁት አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ዓይን ሁሉ ትንሿ ላይ ስለሚሆን ትልቋ ምግብ መተዋን ማንም ልብ አይልም። ሙሉ ቀን ካልበላች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። ድመት ለቀናት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ላይ ስብ ይከማቻል፤ ይህ ደግሞ ሊገድላት ይችላል።