እረፍቱ ክፍል ውስጥ ሲሆን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን 4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን በሙቀቱ ምክንያት ልጆቹ እረፍታቸውን ክፍል ውስጥ ነው የሚያሳልፉት። ዴስክ ላይ እየወጡ ይዘላሉ። ከዚያ በኋላ ዘይቤ ላስተምር ብል ማን ይስማኝ? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በድሬ ደንብ «አንቺ» ልበልሽ። እኔ ሳስተምር አንዱ ልጅ ከዴስክ ወድቆ ጥርሱን ሰብሯል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሻይ እየጠጣሁ ነበራ!

መጀመሪያ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጊ። ፈሊጦች ጽፈሽ ወረቀቱን አጣጥፊ። አንዱ ያወጣና ሳይናገር በአካሉ ያሳያል። «እጀ ረጅም» የደረሰው ልጅ እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን እስክሪብቶ ሲያነሣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሌባ ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል።

ሲደክማቸው እንቆቅልሽ። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ የከተማችንን ሰፈር ከዚራን ለመስጠት ግን ሞታቸው ነው። አንዴ «ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል» አልኳቸው። «ወንዝ!» አሉ። አንዲት ልጅ ብቻ የከተማችንን ወንዝ ጠርታ «ደቻቱማ ይተኛል፤ ክረምት ሲመጣ ነው የሚነቃው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውኛ ዘይቤን፣ ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው የሚያደርገውን፣ በሌላ ምሳሌ አስተምሬ አላውቅም።

እዚያው ሰሌዳ ላይ «ደቻቱ እንደ እባብ ነው» ብለሽ ጻፊ። ይሄ አነጻጻሪ ዘይቤ ነው። ከዚያ አንዱ ልጅ ይውጣና «እንደ»ን በዳስተር ያጥፋት። «ደቻቱ እባብ ነው» ቀረ፤ ተለዋጭ ሆነ። ለዳስተሩ ግን ተራ አስይዣቸው፣ ይጣሉበታል። ውሃም እንዳትረሺ፤ ደወሉ ሳይደወል ይጠጡ።