«አማቴ የልጄን ኪንታሮት በቅንጭብ ካላቃጠልኩ አሉ»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀኝ እጁ ላይ ኪንታሮት ወጥቶበታል። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ አሁን ጣቶቹን ሁሉ ወርሷቸዋል።

ያማረረኝ ግን ኪንታሮቱ አይደለም፤ አማቴ ናቸው። ለደም ግፊት ክትትል ብለው ከመጡ ወዲህ ቤቱ የእሳቸው ሆኗል። ሥራ ውዬ ስመለስ ልጁ እጅ ላይ አዲስ ነገር አገኛለሁ። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው በጨርቅ አስረውለታል። ሌላ ቀን የፈረስ ጭራ ከየት እንዳመጡ እንጃ፣ ትልቁን ኪንታሮት ከሥሩ ጥፍር አድርገው አስረውታል። «ደም ሲያጣ ደርቆ ይወድቃል» አሉኝ። ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከጎረቤት አጥር ቅንጭብ ሰብረው ወተቱን ቀቡት። ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። ስጮህባቸው «የልጆቼን ሁሉ ያጠፋሁት በዚሁ ነው፤ አንቺ ደግሞ የትናንቷ!» አሉኝ። ባለቤቴ «እናቴ ታውቃለች» ይልና ቲቪውን ይከፍታል።

እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ እንዳይመስልዎ። ክሊኒክ ወስጄዋለሁ። ሐኪሙ በቅጡ ሳያየው «በራሱ ይጠፋል» ብሎ ሸኘኝ። ከፋርማሲ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ያህል ቀባሁለት፤ ለውጥ ስላላየሁ ተውኩት። ጎረቤቴ ደግሞ «ካንሰር ይሆናል» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። ቤት ውስጥ የምችለውን ያህል እጠነቀቃለሁ። ፎጣውን ለይቻለሁ። እህቱ እንዳትያዝ ምግቡንም ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ለብቻው በሳህን ነው የማቀርብለት። አማቴ ግን ይህንንም ያፈርሱብኛል። ዞር ስል አጠገባቸው አስቀምጠው ያጎርሱታል። እኔ ያልኩትን ለመሻር ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው የሚመስለኝ።

ልጁም ሰሞኑን ዝምተኛ ሆኗል። ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጀምሯል፤ ቅንጭቡ አሞት ይመስለኛል። ትዕግሥቴ አልቋል። ባለቤቴን «እናትህን ወደ አገራቸው ሸኝልኝ» ብዬ ብጠይቀው ነውር ይሆንብኛል? ወይስ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ልቆይ?

ግራ የገባት እናት፣ ከአዳማ

*

እህቴ፣

ሳህኑን ዛሬውኑ አንሺው።

ስለ አማትሽ ያን ያህል ጽፈሽ ስለ ሳህኑ አንድ መስመር ብቻ ጻፍሽ። እኔ ግን ከዚያ መስመር ማለፍ አቃተኝ። የስምንት ዓመት ልጅ እናት፣ አባትና እህቱ ከአንድ ትሪ ሲበሉ እያየ ለብቻው ይበላል። እኛ አገር ከትሪ መለየት ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ዝምታውንና ከትምህርት ቤት መሸሹን ለቅንጭቡ ሰጠሽው። ቅንጭቡ የተቀባው እኮ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሳህኑስ ስንት ጊዜው ነው? ቤቱ የተጸየፉበትን እጅ ክፍል ውስጥ አውጥቶ እንዴት ይጻፍበት? ከናንተ ጋር ስታስቀምጪው ኪንታሮቱ ስለዳነ እንዳልሆነ ንገሪው። ድሮም መለየት እንዳልነበረበት ከአንቺ አፍ ይስማው።

ለሴት ልጅሽ ሰግተሽ እንደሆነ ይገባኛል። ኪንታሮት የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ በሚባል ቫይረስ ነው፤ በተጫረ፣ በተሰነጠቀ ወይም ውሃ ባራሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ፎጣውን መለየትሽ ልክ ነው። ጥፍር መቁረጫም አይጋሩ። ልጁ ጥፍሩን እንዳይበላና ኪንታሮቱን እንዳይጓጉጥ ምከሪው፤ ከጣት ወደ ጣት የሚዛመተው እንደዚያ ነው። ምግብ ሲቀርብ ግን እጁን ይታጠብ፣ ካስጨነቀሽ ፕላስተር ለጥፊለት፣ ከሁላችሁ ጋር ይብላ። የጎረቤትሽንም ወሬ እርሺው። የዚህ ቫይረስ ዓይነቶች ከ100 በላይ ናቸው። የማህፀን በር ካንሰርን በብዛት የሚያመጡት 16 እና 18 የሚባሉት ናቸው፤ ልጅ እጅ ላይ የሚወጣው የሌሎቹ ነው። ለነዚያ ክፉዎቹ ደግሞ ክትባት አለ፤ አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ትሰጣለች። የልጅሽ ተራ ሲደርስ እንዳያልፋት።

አማትሽ አልዋሹሽም። ልጆች ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይጠፋል። ሰውነት ቫይረሱን የለየው ጊዜ ራሱ ያጠፋዋል። በዚያ ሰሞን ቅንጭብ የተቀባ ልጅ በቅንጭብ ዳነ ይባላል፣ ጭራ የታሰረለት በጭራ። እሳቸው ያዩት ይህንን ነው። ሐኪሙም የነገረሽ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ሳያይና ሳያስረዳ መሸኘቱ ነው።

ቅንጭቡ ግን ከቤትሽ ይውጣ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ቆዳ እንደሚያቃጥል አይተሻል። የሚያስፈራኝ ግን ዓይን ነው። ልጁ ወተቱ በነካው እጅ ዓይኑን ቢያሽ ክፉኛ ያቆስለዋል፣ እስከ መታወርም ሊያደርስ ይችላል። ምናልባት ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ዓይን ሐኪም መሮጥ ነው። ጭራውም ይቅር፤ ሥጋ አንቆ ያቆስላል። ነጭ ሽንኩርትም ታስሮ ሲያድር ቆዳ ይልጣል። ይህንን ለአማትሽ የሚነግራቸው ባልሽ ነው። ቲቪውን ያጥፋና ይንገራቸው። አንቺ ስትናገሪ ንቀት የሚመስላቸውን ከልጃቸው ይቀበሉታል።

እሳቸውን አትሸኚያቸው። አንቺም የትም አትሂጂ። በዚያ ቤት የልጁን እጅ ሳይጸየፉ የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲያጎርሱትም አንቺን መሻራቸው አይደለም፤ ብቻውን ሲበላ ማየት አላስችል ብሏቸው ነው።

ይልቅ ሥራ ስጫቸው። የተውሽው ሳሊሲሊክ አሲድ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በሁለት ሳምንት አይሆንም። በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ማታ ማታ አማትሽ እጁን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉለት። የነጣውን የሞተ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ቀስ አድርገው ይሞርዱት፤ ደም እስኪወጣ አይደለም። ሞረዱ ለሌላ ሰው አይውልም። ከዚያ አንቺ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቢና ፈሳሹን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጠብ አድርጊ። ካቃጠለው ጥቂት ቀን አሳርፊው። ይህ ፈሳሽ ፊት ላይና ብልት አካባቢ ፈጽሞ አይቀባም።

ውሃ የቋጠረው ቆዳ ሳይድን ግን አትጀምሪ። መግል ከያዘ ወይም ዙሪያው ካበጠ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከ12 ሳምንት በኋላም ካልቀነሰ የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፣ ከአዳማም ሩቅ አይደለም። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ የሚባል ሕክምና አለ፤ ስለሚያም እኔ ብሆን ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚያ አልጀምርም።