ለሲያቲካ ስለሚሰጠው የወገብ መርፌ ጠይቁ

ሰላም ጀመዓው። የሰመመን ባለሙያ ነኝ፣ ደሴ። ከወገብ ወደ እግር ለሚወርደው ህመም ስለሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ጠይቁ። ዋጋና የሐኪም ስም አልናገርም።

የሐይቋ፦ መርፌው የተንሸራተተውን ዲስክ ይመልሰዋል?

መልስ፦ አይመልስም። ዲስኩ ነርቩን ሲነካው ነርቩ ይቆጣል፣ ስቴሮይዱ ያንን ቁጣ ያበርዳል፣ አለቀ። ለአንዳንዱ ለሳምንታት ወይም ለወራት ያሳርፈዋል፣ ለአንዳንዱ ምንም። ከዲስክ የሚመጣው ሲያቲካ አብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። መርፌው እስከዚያ ተኝተሽ እንድታድሪና ፊዚዮቴራፒ እንድትሠሪ ነው። አብሽሪ።

ወልድያ፦ ዴክሳ የሚባለውን ስቴሮይድ ገዝቼ ጤና ጣቢያ ቂጤ ላይ ተወጋሁ፣ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ይሄ መርፌ ውሸት ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ የተወጋኸው ሌላ ነው! ያ ጡንቻ ውስጥ የሚገባ ነው። እኔ የምለው በአከርካሪው ውስጥ፣ ነርቮቹን ከሸፈነው ሽፋን ውጪ ባለው ክፍተት ነው የሚሰጠው። በራጅ፣ ማለትም በሲ-አርም እያዩ፣ መጀመሪያ ቀለም ረጭተው መርፌው ትክክለኛው ቦታ መድረሱን አረጋግጠው። ለምን ይሄ ሁሉ? አንዳንዱ ስቴሮይድ ደቃቅ ፍሬ አለው፣ ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ ሊዘጋው ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2014 ያስጠነቀቀው ስለዚህ ዓይነቱ ጣጣ ነው፤ እምብዛም አይከሰትም፣ ግን ሽባነት፣ ስትሮክ፣ የዓይን መጥፋት፣ ሞትም አለበት። ስለዚህ ጠይቁ፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ የትኛው አከርካሪ ላይ ነው፣ በራጅ እያያችሁ ነው ወይ? ኤምአርአይ ላይ የሚታየው ከሚያማችሁ እግር ጋር ካልገጠመ አትወጉ። ደግሞ ቂጥ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ራሱን የሲያቲክ ነርቭ ሊጎዳው ይችላል፣ ይሄንንም ያዝ።

ከሚሴ፦ ወገቤን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የት ጋ? ከመቼ ጀምሮ? እግር ይወርዳል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ካለ ግን መርፌውን ተወው፣ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን ተመርመር። ስቴሮይድ ቲቢውን ያባብሰዋል።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ስኳር አለብኝ።

መልስ፦ አባባ፣ አስቀድመው ይናገሩ። ስኳርዎን ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ደም ማቅጠኛም ካለ ይንገሯቸው፣ በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ኮምቦልቻ፦ እናቴን ወጌሻ ነው ያዳናት፣ መርፌ ምን ያደርጋል?

የሐይቋ፦ እናትህን ያዳናት ጊዜው ነው። የኔን አጎት ወገቡን ረግጠውት ከአልጋ ሳይነሳ ከረመ።

ኮምቦልቻ፦ ያ ወጌሻ አይደለማ! ደህና እጅ ያለው አይረግጥም።

መልስ፦ በዚህ ሌላ ቀን ተከራከሩ። እግሩ የደነዘዘ ሰው ወገቡን አያስረግጥ፣ በቃ።

መርሳ፦ ዲስኩን ያስተካክለዋል እንዴ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። አያስተካክልም።

ላሊበላ፦ ከትናንት ጀምሮ መቀመጫዬና ብልቴ አካባቢ ደንዝዟል፣ ሽንትም አልወጣ ብሎኛል። መርፌውን ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቅ! አሁኑኑ፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል። ይሄ የመርፌ ጉዳይ አይደለም፣ ከዘገየ ሽንቱ ላይመለስ ይችላል። ሰው ይዘህ ሂድ።

ባጃጁ፦ ተወግቼ በዚያው ቀን ልሥራ?

መልስ፦ አይሆንም። ማደንዘዣ ስለሚቀላቀልበት እግርህ ለሰዓታት ሊከዳህ ይችላል። ሌላ ሰው ይንዳልህ፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥ።