የ60 ኸርዝ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይሠራል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ከሳውዲ ያመጣኸው ትራንስፎርመር ላይ «220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተጽፏል፤ መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነው አዲስ አበባ ላይ ብሰካው ይቃጠላል ወይ ነው ጥያቄህ። ወዲያው ላይቃጠል ይችላል። እኔ ብሆን ግን እንዲሁ አልሰካውም።

ሽቦው የተጠቀለለበት ብረት ውስጥ የሚፈጠረው መግነጢስ የሚወሰነው ቮልቴጁ ለፍሪኩዌንሲው (ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፤ በኸርዝ ይለካል) ሲካፈል ነው። ቮልቴጁ 220 እንደሆነ ፍሪኩዌንሲው ከ60 ወደ 50 ሲወርድ፣ መግነጢሱ በ20 በመቶ ይጨምራል። ብረቱ ደግሞ የሚችለው ልክ አለው። ልኩ ካለፈ፣ ምንም ዕቃ ሳይሰካበት እንኳ የሽቦው ጥቅል ብዙ ከረንት መሳብ ይጀምራል። መጀመሪያ የምትሰማው «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ነው። ቀጥሎ ይግላል። ከዚያ የሽቦው መሸፈኛ የቫርኒሽ ሽታ ይመጣል፤ እዚህ ከደረሰ ቶሎ ንቀለው።

መፍትሔው ቮልቴጁንም በዚያው ልክ ማውረድ ነው፤ 220ው ወደ 183 ገደማ ይወርዳል። ቫሪያክ (ቮልቱን በእጅ እያዞርክ የምታስተካክልበት ትራንስፎርመር) ካለህ ይቻላል። ግን የሚወጣውም ቮልት አብሮ ይወርዳል፣ የሚሸከመውም ኃይል ይቀንሳል። እንዲህ ከመልፋት «50/60» የተጻፈበት መግዛት ይሻልሃል። በተቃራኒው፣ የ50 ኸርዙ በዚያው ቮልት 60 ላይ ቢሠራ ብረቱ አይጨናነቅም።

አንድ ነገር አደራ፦ ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም። ከአሜሪካ የመጣ ማይክሮዌቭ በስቴፕ ዳውን (ቮልት በሚያወርድ ትራንስፎርመር) 120 ቮልት ቢያገኝም፣ የሚደርሰው ያው 50 ኸርዝ ነው። ውስጡ ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ያንኑ ጣጣ ያያል። «50/60» የሚል የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አያሳስብህ።