ዓመቱን ያዢው፣ ሰዉን ልቀቂው

እህቴ፣ «ልብ ወለዱን እስከ መጨረሻው ነድፌ ልነሳ ወይስ እየጻፍኩ ይምጣልኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ሁለቱም አስለቅሰውኛል።

የመጀመሪያውን ያለ ምንም እቅድ ጻፍኩት። ማታ ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በደብተር። እስከ 140 ገጽ እንደ ውሃ ወረደልኝ። ታሪኩ የሚነሳው ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ሰዉን ከነቤቱ ከወሰደው ጎርፍ ነው። ድሬ ያደገ ያውቀዋል፣ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ዋናዋ ሴት በዚያች ሌሊት ትወልዳለች። ከዛ 2003 ላይ ልጅቷ አራተኛ ክፍል ሆና የአባቷን ደብዳቤ ታነባለች። ቆጥሪው እስቲ። አምስት ዓመቷ ነው! የቀረው ታሪክ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያ ደብዳቤ ላይ ስለነበር 60 ገጽ ጣልኩ።

በሁለተኛው ተማርኩ ብዬ 32ቱንም ምዕራፍ በካርቶን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ምዕራፍ 19፦ «ወንድሙን ይቅር ይለዋል»። ቤታቸውን የሸጠበት ወንድሙን ማለት ነው። ግን እኮ ይሄን ሰው 18 ምዕራፍ ሙሉ ስጽፈው፣ ወንድሙ ያዘዘለትን ሻይ እንኳን ሳይነካ ጥሎ የሚነሳ ሰው ሆኗል። ካርቶኑ ይቅር በል ስላለ ብቻ አስታረቅኳቸው። ጓደኛዬ አንብባ ገጹ ላይ ጣቷን አሳረፈችና «እስከዚህ ድረስ አውቀዋለሁ፣ ከዚህ ወዲህ ያለው ሌላ ሰው ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች።

አሁን የማቅደው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ዓመቱ፣ በዚያ ዓመት የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ፣ ከተማው ላይ የሆነው ነገር። በቃ። ሰዎቹ የሚያደርጉትን አላቅድም። ማታ ከመተኛቴ በፊት «ይሄ ሰው ነገ ጠዋት ሲነሳ ምን ይፈልጋል?» እላለሁ፣ ጠዋት እሱን እጽፋለሁ።

ታሪክሽ የአንድ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዝም ብለሽ ጀምሪ እልሽ ነበር። ግን አያት፣ እናትና ልጅ ነው ብለሻል። አያትየዋ ባቡሩ ድሬ በገባበት በ1895 ተወልዳ፣ የልጅ ልጇ በጎርፉ ዓመት። መሃሉ 103 ዓመት ነው። አያትም እናትም ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው ወለዱ ማለት እኮ ነው። ወይ አንድ ትውልድ ጨምሪ ወይ መነሻውን ወደዚህ አምጪው። እሱን ዛሬ ወስኚና ነገ ጠዋት መጻፍ ጀምሪ።